በ"ጢጥ" የተሸፈነው ቃል

እማማ ራንጊማሪ በኒውዚላንድ፣ በሮቶሩዋ ሐይቅ ዳር ቅርጫት የሚሠሩ፣ ከአገሩ ነባር ሕዝብ ከማኦሪ ወገን ናቸው። አንድ የአውስትራሊያ፣ የሲድኒ ጣቢያ በቴሌቪዥን አቀረባቸው። ዘመድ ተሰብስቦ ሲያይ፣ እማማ "ፋካፓፓዬን ከእናቴ ተማርኩ" ያሉበት ቦታ ላይ "ፋካፓፓ" የሚለው ቃል ስድብ በሚደበቅበት የ"ጢጥ" ድምፅ ተሸፈነ።

ታላቅ ወንድማቸው ታማ በሳቅ ተንፈራፈሩ። "ኧረ እቴ! በሰባ ዓመትሽ ምን የሚሉት ስድብ ነው?"

እማማ አልሳቁም። ፋካፓፓ የዘር ሐረግ፣ የአያት የቅድመ አያት ስም ነው። በማግስቱ ወደ ጣቢያው ደወሉ። አንዱ ለሌላው ሲያቀባብላቸው ስልኩን ሳይዘጉ ቆይተው፣ ድምፅ የሚያርመውን ክሬግን አገኙት።

"እማማ፣ የቃሉ አጀማመር እኮ በእንግሊዝኛ ነውር ስድብ ይመስላል። ልጆች ያያሉ" አላቸው።

"የኔ ልጅ፣ እኔ የተናገርኩት በቋንቋዬ ነው። ነውር ያደረግኸው አንተ ነህ። በል፣ አንተም ድገመው።"

ክሬግ ቃሉን በሹክሹክታ ደገመው።

"ሰው ይስማህ እንጂ!"

ክሬግ ጮክ ብሎ ደገመው። ቢሮው ሲያውካካ በስልኩ ተሰማ። እማማ ግን ትርጉሙን አስረድተው፣ የሰባት አያቶቻቸውን ስም አንድ በአንድ ነገሩት። ክሬግ ይቅርታ ጠየቀ።

በሳምንቱ ዝግጅቱ ሲደገም ቃሉ ሳይሸፈን ተላለፈ። እማማ ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍ አድርገው፣ መስኮቱንም ከፍተው ሰሙት።