በአማርኛ የተነገረኝ መርዶ

የእናቴን መሞት የነገረኝ ሻሸመኔ ላይ፣ አውቶቡስ ለምሳ በሚቆምበት ሆቴል በር ላይ ጥርሱን እየጎረጎረ የቆመ ነጋዴ ነው። ፈድሉ ይባላል። ዲላ ገበያው አጠገብ የጨርቅ ሱቅ አለው፤ ቁምጣ ለባሽ ሳለሁ ጀምሮ ያውቀኛል። እኔ ከአሜሪካ ተመልሼ ከአዲስ አበባ ወደ ዲላ እየወረድኩ ነበር፤ እሱ ደግሞ ዕቃ ሊያመጣ ሽቅብ ይወጣ ነበር። ሲያየኝ ስንጥሩን ጣለና እጄን በሁለት እጁ ያዘኝ።

«ዶክተር፣ አላህ ያጽናህ» አለኝ። «የቀብሯ ዕለት አልነበርኩም፣ መርካቶ ወጥቼ ነበር። ሙሉካን የመሰለ ሰው! ሱቄ ገብታ ሳትመርቀኝ ወጥታ አታውቅም።»

ሙሉካ እናቴ ናት።

«አሜን፣ ያጽናን» አልኩት።

ረጋ ብዬ ስለመለስኩለት ቀድሞ የተነገረኝ መሰለው። ስለ ዝናቡ ጥቂት አወራን፣ ቤተሰቡን ጠየቅሁት፣ ሾፌሩ ጥሩምባውን ሲነፋ ተሰናበትን። ሌላ ሰው ቢሆን እዚያው አስፋልቱ ላይ ይጮህ ነበር። እኔ አውቶቡሱ ውስጥ ገብቼ፣ ወንበሬን ፈልጌ፣ መስኮቱን አስተካክዬ ተቀመጥኩ። ምንም አልተሰማኝም። ሰው ክንዱ ላይ ተኝቶ ሲነሣ ክንዱ የት እንዳለ ያያል እንጂ የራሱ አይመስለውም፤ እኔም ሁለመናዬ እንደዚያ ሆነ።

ዶክተር ሲሉኝ ሐኪም አይደለሁም፤ የአፈር ዶክተር ነኝ። መጀመሪያ ይህን ስነግራት እናቴ «አፈር ታመመች እንዴ?» ብላ ቤቱን በሳቅ ሞልታው ነበር። ድግሪዬን ይዤ አገሬ ገብቼ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ማስተማር ስጀምር፣ ገና ጠመኔው ከጣቴ ሳይለቅ፣ በላይ ያሉት ሰዎች ጠሩኝ። ፈረንጆቹ ዲኖች ውላቸው እያለቀ ሊሄዱ ነው፣ ወንበራቸውን የሚረከብ የአገር ልጅ ያስፈልጋል፣ ስለዚህ ዶክትሬታቸውን የጨረሱ ጥቂት ሰዎች አንድ ዓመት አሜሪካ ከርመው የዩኒቨርሲቲ አስተዳደር ይማሩ ተባለ። ስሙ ፌሎሺፕ ነው። ክፍል የለውም፣ ፈተና የለውም። ከአንድ የዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት ጎን ወንበር ይሰጥሃል፤ ሰውየው ሲያስተዳድር ዓመት ሙሉ ታያለህ። ስትመለስ አንተም ታስተዳድራለህ።

ዲላ ላይ ቃሉ ሌላ ፍቺ ነበረው። እኛ የሚሲዮኑ ቤተ ክርስቲያን ልጆች ነን፤ በኛ ዘንድ ፌሎሺፕ ማለት ሚሲዮናውያኑ ስም ያወጡለት፣ ረቡዕ ረቡዕ የሚደረግ የጸሎት ስብሰባ ነው። ስለዚህ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ አቶ ገሪማ እሑድ ቀን ቆመው «ልጃችን ይርጋ አሜሪካ ድረስ ዓመት ሙሉ ፌሎሺፕ ሊያደርግ ይሄዳል» ብለው አወጁ። ሕዝቡ እልል አለ። ላርማቸው ሞክሬ ነበር፤ ግን አንዴ እልል ከተባለ በኋላ ማን ይሰማል?

የተመደብኩበት ፕሬዚዳንት ደግ ሰው ነበር። ያስተማረኝ ነገር ሲጠቀለል አንድ ነው፤ ስብሰባ የሚያልቀው ሳይጀመር ነው። ሁሉም ነገር ቁርስ ላይ ያልቃል። ከዚያ ጉዳዩ ያለበት ሰው ይገባል፣ ላቡን እየጠረገ ይናገራል፣ ፕሬዚዳንቱም ዐይን ዐይኑን እያየ ነገሩን ዛሬ ገና እንደሰማ ያዳምጠዋል። መጨረሻ ላይ «ስለነገርከኝ አመሰግናለሁ» ይለዋል። «ያወቅኸውንም ነገር ቢሆን ሰውየው እስኪነግርህ አታውቀውም» አለኝ አንድ ቀን። «ለሱም ክብር ነው፣ ላንተም ክብር ነው።» እኔ እንግዲህ ከልጅነቴ ጎበዝ ተማሪ ነኝ። በረዶው ሳይቀልጥ ፊቴ እንደ በቅሎ ተገራ።

በአገራችን ደግሞ መርዶ ወግ አለው። ሩቅ ላለ ሰው አይነገርም። ሟቹ ይቀበራል፣ ሰው ያለቅሳል፣ ለተማሪው ግን ትምህርቱ እንዳይበላሽ «ሁላችንም ደህና ነን» ይባላል። ሰውየው አገሩ ሲገባ አብልተው፣ አጠጥተው ያሳድሩታል፤ ጎሕ ሲቀድ ሽማግሌዎች መጥተው ያረዱታል። ያን ጊዜ ለቅሶው እንደገና ይነሣል። የመጀመሪያውን ጩኸት የሚጮኸው ግን ባለመርዶው ነው።

ስለዚህ አውቶቡሱ አዋሳን አልፎ ቁልቁል ሲወርድ፣ ቡናውና እንሰቱ በመንገዱ ግራና ቀኝ መታየት ሲጀምር፣ ምን እንደሚጠብቀኝ አውቃለሁ። እህቴ ትደብቀኛለች። እኔም እንደማያውቅ ሆኜ አድራለሁ፤ የሽማግሌዎቹን ሥራ አልነጥቃቸውም፤ ጠዋት ሲነግሩኝ አለቅሳለሁ። የፈራሁት አንድ ነገር ነበር። ጠዋት እንባው ባይመጣስ? ለእናቱ ያላለቀሰ ልጅ ዲላ ላይ ስም ይወጣለታል፣ ስሙም ከልጅ ልጁ አይለቅም። ግን ስሙን ትቼ፣ ለራሴም ማልቀስ እፈልግ ነበር። ወልዳ፣ አዝላ፣ እንሰት ፍቃ ያስተማረችኝ ናት። ዐይኔን ጨፍኜ ፊቷን ለማምጣት ሞከርኩ። ፊቷ መጣ። እንባው አልመጣም።

ፀዳለ ጣቢያው ድረስ መጥታ ተቀበለችኝ። ታናሽ እህቴ ናት፤ እዚያው ዲላ ታስተምራለች፤ ከእናታችን ጋር የቀረችው እሷ ነበረች። አበባ ያለበት ቢጫ ቀሚስ ለብሳለች። ቀሚሱ ላይ የማጠፊያው መስመር ገና አልለቀቀም፤ ከሣጥን የወጣው ያን ቀን ጠዋት መሆን አለበት። ጥቁሩን ስለ እኔ ነው ያወለቀችው። አንገቴ ላይ ተጠምጥማ ሳመችኝ፣ ሳመችኝ፣ አልለቅም አለች።

«እማዬስ?» አልኳት። ካልጠየቅሁ ትነቃብኛለች።

«ቡሌ ሄዳለች። አክስቴ ድንቅነሽን ትንሽ አሟት ነበር።»

«መቼ ትመለሳለች?»

«እሑድ... ለእሑድ አትቀርም።»

ይበቃ ነበር። ፕሬዚዳንቱ ግን ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ይጨምር ነበር፤ ሰው ነገሩን ከልብ እንደሰማህለት የሚያምነው ያን ጊዜ ነው ይላል። እኔም ጨመርኩ።

«ብርድ ልብስ ይዛለች? ቡሌ ደጋ ነው፣ ይበርዳታል።»

ፀዳለ ሻንጣዬን ከመሬት ለማንሣት ጎንበስ አለች። ቀና እስክትል ቆየች።

«ይዛለች» አለች።

ይህን ሁሉ የተባባልነው በጌዴኦኛ ነው። እኔና እህቴ ሌላ ቋንቋ ተነጋግረን አናውቅም።

ቤት ስንገባ ገና ፀሐይ አልጠለቀችም። ቆጮ በጎመንና በቅቤ አቀረበችልኝ። ጎረቤት እየገባ ሳመኝ፣ ሳቀልኝ፣ ስለ አሜሪካ ጠየቀኝ፤ የእናቴን ስም ያነሣ የለም። ሁላቸውም እኔን ይጠብቁኛል፣ እኔም እነሱን እጠብቃለሁ። ልክ እንደ ቁርሱ ስብሰባ፣ ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አልተናገረም። ቆጮው አለቀ። «ጨምሪልኝ» አልኳት። ጨመረችልኝና በጓሮ በኩል ወጥታ እንሰቱ ውስጥ ቆየች። ስትመለስ ፊቷን ታጥባ ነበር።

ጎሕ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። ልብሴን ለብሼ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ነበር። ጋቢ የለበሱ ሽማግሌዎች ገቡ፤ አቶ ገሪማ መጽሐፍ ቅዱሳቸውን በብብታቸው ይዘው ከፊት ናቸው። ከኋላቸው በሩ ላይ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል። ፀዳለ ወደ ጓዳ በሚያስገባው በር ሥር ናት፤ ጥቁሯን መልሳ ለብሳለች። ዐይኗን ከፊቴ ላይ አትነቅልም።

አቶ ገሪማ ካወቅኋቸው ጀምሮ የሚያናግሩኝ በጌዴኦኛ ነው። በልጅነቴ ኳስ ስመታ ጎመናቸውን ረግጬ የሰደቡኝ በጌዴኦኛ ነው፤ ወደ ፈረንጅ አገር ስሄድም የመረቁኝ በጌዴኦኛ ነው። ያን ቀን ጠዋት ግን ጉሮሯቸውን ጠረጉና በአማርኛ ጀመሩ። ነገሩ ወዲያው ገባኝ። በጃንሆይ መንግሥት ቁም ነገር የሚነገረው በአማርኛ ነው፤ ግብር በአማርኛ ነው፣ ፍርድ በአማርኛ ነው። እኔ ደግሞ አሁን ትልቅ ሰው ነኝ፤ ለትልቅ ሰው በእርሻ ቋንቋ መርዶ መንገር ንቀት ሆኖባቸዋል። ሳምንቱን ሙሉ ሳይለማመዱት አልቀሩም።

«ክቡር ዶክተር ይርጋ» አሉ። «ሰው ሁሉ መንገደኛ ነው። እናትህ ሙሉካም በጌታ አረፈ። ትንሽ ታሞ ነበር፣ ብዙ አልተሰቃየም። በደንብ አድርገን ቀበርነው።»

እናቴም አማርኛ ስትናገር ወንድና ሴቱን እንዲሁ ታቀላቅለው ነበር፤ እኔን «ልጄ መጣች» ትለኝ ነበር፤ ለአባቶቻችን አማርኛ የተውሶ ልብስ ነው። ይህን አውቃለሁ። ግን የሰማሁት ሞቷን ሳይሆን ሰዋስዉን ነው። «አረፈ» ሳይሆን «አረፈች» ብዬ በልቤ አረምኩ። ታሞ የነበረው፣ ያልተሰቃየው፣ በደንብ የተቀበረው የማላውቀው አንድ ሰውዬ መሰለኝ።

ሁሉም እኔን ይጠብቃል። አልቅስ፣ አልኩ ለራሴ፤ አሁን ነው፣ አልቅስ። አቶ ገሪማን ዐይን ዐይናቸውን አየኋቸው። አፌን ከፈትኩ።

«ስለነገራችሁኝ አመሰግናለሁ» አልኩ።

በሩ ላይ አንዲት ሴት ጀምራው የነበረው ልቅሶ ጉሮሮዋ ውስጥ ቀረ። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አቶ ገሪማ ጥቂት አሰቡና ፊታቸው ፈካ፤ ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ ዘረጉ።

«እግዚአብሔር ይመስገን! አያችሁት? ፌሎሺፑ ነው ያጸናው!»

«አሜን» አሉ ሌሎቹ። «አሜን፣ አሜን።»

ተጸለየ። የጽናት መንፈስ ስለሰጠኝ ጌታ ተመሰገነ። ሴቶቹ በሩ ላይ ትንሽ ቆመው፣ በጸሎት መሀል ማልቀስም ነውር ስለሆነ፣ ነጠላቸውን እያቀኑ አንድ በአንድ ወጡ። ያልታሰበ ክብር ነው ያገኘሁት። ስም ይወጣልኛል ብዬ ስፈራ በእምነት አርአያነት ተሾምኩ። ደስ ሊለኝም ሊያስቀኝም ይገባ ነበር፤ ሁለቱም አልሆነልኝም።

ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ ፀዳለ ከፊቴ በርጩማ ስባ ተቀመጠች። የኔ ፀዳለ ከልጅነቷ ጀምሮ የሰውን ልብ ከፊቱ ላይ ታውቃለች።

«ከማን ሰማህ?» አለችኝ በጌዴኦኛ።

«ከፈድሉ። ትናንት ሻሸመኔ አገኘሁት። ተነግሮኝ መስሎት ነው፣ እንዳትቀየሚው።»

«ትናንት። ከአውቶቡሱ ሳትወርድ።»

«አዎ።»

«እያወቅህ ነው ብርድ ልብስ ይዛለች ወይ ያልከኝ?»

ዐይኔን ከሷ ወደ ገበታው አዞርኩ።

«እያወቅህ ነው ጨምሪልኝ ያልከኝ?»

«በወጉ እንድትነግሩኝ ብዬ ነው» አልኳት። «ልፋታችሁ ከንቱ እንዳይሆን ብዬ ነው ፀዳለ።»

እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ወለሉን አየች። ድምፅዋን ሳታነሣ ነው የነገረችኝ። እናታችን የሞተች ዕለት እሷ አላለቀሰችም። የሚያጥባት፣ ሳጥን የሚያሠራላት፣ ለቀስተኛውን የሚቀበል ሌላ ልጅ አልነበረም፤ ማታ ሲሆን ደግሞ ድካም ወሰዳት። በማግስቱ አለቅሳለሁ አለች፣ በማግስቱም አልሆነም። ከዚያ፣ ይርጋ ይምጣ አለች። ይርጋ ሲመጣ፣ ሽማግሌዎቹ ሲነግሩት፣ እሱ ሲጮህ እኔም እጮሃለሁ፤ እናታችንን አንድ ላይ እናለቅሳታለን አለች። ያን ሁሉ ወር ጥቁር ለብሳ የጠበቀችው ይህን ጠዋት ነበር።

«አሁን አንተ አፍህን ስትከፍት እኔም ከፍቼ ነበር» አለች። «ከዚያ አመሰገንካቸው።»

ይህን ስትለኝ አንድ ነገር ተሰማኝ። እንባ አይደለም፤ ፍርሃት ነው። ዛሬ ካለፈ እንዲህ ሆኜ እንደምቀር፣ ቢሮ ተሰጥቶኝ፣ ሰው ከፊቴ ላቡን እየጠረገ ሲናገር እንዲህ እያየሁት እንደምኖር ገባኝ። ከበርጩማዋ እንዳትነሣ እጇን ያዝኩ።

«ፀዳለ፣ አንቺ ንገሪኝ» አልኳት። «እሳቸው በአማርኛ ስለነገሩኝ ነው። የሌላ ሰው ወሬ ሆነብኝ። አንቺ በቋንቋችን ንገሪኝ፣ እማዬ ሞተች በይኝ። ምናልባት ይመጣ ይሆናል። አብረን እናለቅሳለን።»

ትክ ብላ አየችኝ። አፏ ሊከፈት ሲል ልትነግረኝ ነው ብዬ ወደሷ ጎንበስ አልኩ። ከዚያ እጇን ከእጄ ቀስ ብላ አወጣች፣ ተነሣች፣ ትናንት የበላሁበትን ገበታ አንሥታ ወደ ጓዳ አመራች። በሩ ላይ ስትደርስ ዘወር አለች።

«መርዶ የሚነገረው ለማያውቅ ሰው ነው፣ ዶክተር» አለችኝ፤ በአማርኛ።