ያልበራበት ዓይን

መሪጌታ ላቀው ከቡሬ ወጣ ብሎ ባለ ደብር ብራና ሲጽፉ አርባ ዓመት ሞላቸው። ዓይናቸውን ግን የዘር በሽታ ይዞታል። በዳፍንት ጀመረ፤ ከዚያ ዳር ዳሩን እየበላ መጥቶ፣ ልጃቸው ህይወት ጀርመን ለትምህርት ስትሄድ የቀረቻቸው በየዓይናቸው መካከል ያለች ጠባብ መስኮት ብቻ ነበረች። በእሷ ፊደል ይለቅማሉ። እናታቸውም ወንድማቸውም በዚሁ ደዌ ጨልሞባቸው ነው የሞቱት። እናም ለደብሩ ሊሰጡ የተሳሉትን ተአምረ ማርያም ጽፈው ሳይጨርሱ ያቺ መስኮት እንዳትዘጋ ብቻ ነበር ልመናቸው።

ህይወት የምትመራመረው በዚህ በአባቷ ዓይነት ደዌ ላይ ነው። አንድ ቀን ሥራሽ ምንድን ነው ብለው በስልክ ጠየቋት።

«አባዬ፣ ሰውነታችን የተሠራው ሕዋስ ከሚባል ቅንጣት ነው። ብርሃን የሕዋሱን ቆዳ ለቅጽበት ይከፍተዋል። ደጅ የቆመው መድኃኒት፣ ጤነኛው ዘረ መልም ቢሆን፣ ሾልኮ ይገባል። ወዲያው መልሶ ይገጥማል።»

«መሥራቱን በምን ታውቂያለሽ?»

«ከሕዋሳቱ ግማሹን ብርሃን ሳናስነካ እናስቀምጠዋለን። ኋላ ሁለቱን እናስተያያለን።»

«ይኸማ የሊቅ ሥራ ነው!» አሉ፤ ደስታቸው በስልኩ ውስጥ ተሰማት።

ገና በሳህን ላይ ባሉ ሕዋሳት እየተሞከረ እንደሆነ፣ ለሰው የሚሆን መድኃኒት እንደሌለ ነገረቻቸው። ብርሃኑ ምን ዓይነት እንደሆነ ግን አልነገረቻቸውም። ማን ያስባል? የተማረ ሰው እሱ የሚያውቀውን ሁሉም የሚያውቅ ይመስለዋል።

በ2006 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ አገሯ ገባች። መሪጌታ ኪዳን አድርሰው ተመልሰው፣ ከቤቱ ደጃፍ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ግራ ዓይናቸውን በነጠላ እራፊ አስረው፣ ቀኙ ላይ ከግሽ ዓባይ የመጣ ጠበል ጠብ እያደረጉ፣ ፀሐይዋን ፊት ለፊት ያያሉ።

«ከጥምቀት ወዲህ እንዲህ ናቸው» አለቻት እናቷ ንግሥቴ። «አንች ያልሽው ነው ብለውኝ ዝም አልሁ።»

ህይወት ሮጣ ከፀሐይዋ ጋረደቻቸው። «አባዬ! ምን እያደረጉ ነው?»

«ያልሽውን ነዋ! አንች መድኃኒቱ የለም አልሽ። እኔ ጠበሉ አለኝ፤ ብርሃኑም በደጄ ነው።»

ሦስት ጣቷን በቀኝ ዓይናቸው ፊት ዘረጋች። «ስንት ነው?»

«ነጭ ጉም ነው የማየው» አሉ። «መድኃኒቱ እየገባ ይሆን?»

በማግስቱ ፍኖተ ሰላም የዓይን ባለሙያ ዘንድ ወሰደቻቸው። ባለሙያው ቀኙን መርምሮ፣ ህይወትን ለብቻዋ ጠርቶ፣ ፀሐይ መካከሉን አቃጥሎታል፤ አይመለስም አላት። በሽታው በቀኝ ዓይናቸው የተወላቸውን ያቺኑ መስኮት ማለት ነው።

አባቷ ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ እየጠበቋት ነበር። ምድር ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። እግራቸው ሥር ተንበርክካ ባለሙያው ያለውን ነገረቻቸው። «እኔ ነኝ ያጠፋሁዎ፣ አባዬ። የእኛ ብርሃን ፀሐይ አይደለም። ተለክቶ፣ ተመጥኖ የሚረጭ፣ ከፀጉር የቀጠነ ጨረር ነው። ይኸን አልነገርሁዎትም።»

የመሪጌታ እጅ ወደ ግራ ዓይናቸው ሄዶ፣ እራፊውን ቀስ ብሎ ፈታው። ራሳቸውን ወዲያና ወዲህ እያዞሩ ፈለጓት፤ መጀመሪያ ግንባሯን፣ ቀጥሎ ዓይኗን፣ ቀጥሎ እንባዋን አገኙ።

«ሁለቱንም ላበራባቸው ዳድቶኝ ነበር» አሉ። «ግማሹን ሳናስነካ እናስቀምጣለን ያልሽው ትዝ ቢለኝ ነው ይህችን ያሰርኋት።»

ህይወት እራፊውን ከእጃቸው ተቀበለች።

«ተነሽ፣ ልጄ። ከተአምረ ማርያሙ ሦስት ቅጠል ብራና ቀርቶኛል። ቀን ሳለ እንግባ።»