ጋሽ ገረመው ለተማሪው ለሮብ የተከራከሩበት ቀን

በፈረንጆቹ 1995 ዓ.ም. መጸው ላይ ነው። ጸሐይወርቅ ቶሮንቶ በሚገኝ አንድ ኮሌጅ የካናዳን ፖለቲካ ታስተምራለች። የዕለቱ ርዕስ የተመሳሳይ ጾታ ጥንዶች መብት ነበር፤ የኦንታሪዮ ምክር ቤት ባለፈው ዓመት ተከራክሮበት ውድቅ ያደረገው ረቂቅ ሕግ።

ጋሽ ገረመው ኮሪደር ላይ ጠበቋት። ከፍሌሚንግደን ፓርክ ሰፈር በባስ የሚመላለሱ፣ ሃምሳን የተሻገሩ ተማሪዋ ናቸው።

«ዛሬስ አልገባም፣ ልጄ። በደርግ ጊዜ ውይይት ክበብ ቁጭ ብዬ የማላምንበትን ስደግም ኖሬያለሁ። እዚህ መጥቼ ደግሞ አልደግምም።»

«ማን ይድገሙ አለዎት? ማርክ የምሰጠው ለእምነትዎ አይደለም፤ ሌላው ሰው የሚለውን በደንብ መረዳትዎን ነው የማየው። ይግቡ። ካልተስማማዎት ተነሥተው ይውጡ፣ አልቀየምዎትም።»

ገቡ። ጸሐይወርቅ ተማሪዎቹን ጥንድ ጥንድ አደረገቻቸው። እያንዳንዱ ተጣማሪው «አዎ፣ የምለው ይህንኑ ነው» እስኪል ድረስ የተጣማሪውን ሐሳብ ይዞ ይከራከራል። ጋሽ ገረመውን ከወንድ ፍቅረኛው ጋር ከሚኖረው፣ ሮብ ከሚባለው ተማሪ ጋር ስታጣምር ተማሪዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። እሷ ግን የምትሠራውን ታውቃለች።

ሮብ ጀመረ። «እግዚአብሔር እነዚህን ሰዎች ይጠላቸዋል...»

«እንዲህ አንልም!» አቋረጡት ጋሽ ገረመው፣ ቀስ ባለ ግን በጠራ እንግሊዝኛ። «ጋብቻ የቤተ ክርስቲያን ቅዱስ ምስጢር ነው፣ መንግሥት ሊለውጠው አይችልም ነው የምንለው። እንደገና ሞክር።»

ሮብ ፊቱ ቀላ፤ ሆኖም ደግሞ ሞከረ። በስተመጨረሻ «አሁን ገባህ» አሉት።

ተራው የእሳቸው ሆነ። ፍቅረኛው ታሞ ሆስፒታል በገባ ጊዜ «ቤተሰብ አይደለህም» ተብሎ ውጭ መቅረቱን ሮብ ነግሯቸዋል። ጋሽ ገረመው የኮታቸውን ቁልፍ ቆልፈው ተነሡ።

«ደርግ ያሰረኝ ጊዜ ባለቤቴ ስንቅ ይዛ መጣች። የጋብቻ ወረቀት ስላልነበራት ዘበኛው ‹ምኑ ነሽ?› ብሎ መለሳት። ልጆቼን የወለደችውን ሴት! ይህንንም ልጅ ‹ምኑ ነህ?› ብለውታል። ሕጉ የፈለገው በር ላይ የቆመ ሰው መልስ እንዲኖረው ነው።»

«አዎ» አለ ሮብ፣ «የምለው ይህንኑ ነው። እኔ ራሴ እንዲህ አድርጌ ተናግሬው አላውቅም።»

«ሐሳቤን ግን አልለወጥኩም!» ሲሉ ጋሽ ገረመው ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። ሮብም ሳቀ፤ እጁን ዘረጋላቸው፣ ጨበጡት።

ተማሪው ሁሉ ሲወጣ ጋሽ ገረመው ወደ ጸሐይወርቅ ጠጋ አሉ።

«የሚቀጥለው ሳምንትስ ምንድን ነው?»

«ኩቤክ ከካናዳ ትገንጠል ወይስ አትገንጠል። እርስዎ ‹ትገንጠል› ብለው ነው የሚከራከሩት።»

«መገንጠል? እኔ?» ቦርሳቸውን አነሡ። «ይሄንንስ አልችለውም!»

«ይችላሉ» አለቻቸው፤ ቅንጣት ታህል አልተጠራጠረችም።