ከሉኩ ላይ የጠፋው ስም

መሪጌታ ወልደ ሐዋርያት፣ ወለተ ሐና ጥቅል ታቅፋ ከደጃቸው ቆማ ሲያዩዋት ለልጇ ተዝካር እህል ያመጣች መሰላቸው።

«እህሉን ለባለቤቴ ስጫት፣ ልጄ» አሏት።

«እህል አይደለም፣ የኔታ። የልጄ ጋቢ ነው።» አንገቷን ደፋች። «ሲመሽ ከደጅ ቆሞ ‹እማ፣ በረደኝ› ይለኛል። አምስት ሰንበት ጠበቅሁ፤ ስሙን አልጠራችሁትም። አርባው ማክሰኞ ነው።»

«በገዛ እጄ ጽፌዋለሁ እኮ!»

ቤተ ክርስቲያን ሄደው የሙታን ስም የሚጻፍበትን ሉክ ከመጽሐፉ መሀል አወጡ። ወልደ ኢየሱስ የሚል የልጇ ስም የለም። ደግመው አነበቡት።

ስም የሚጽፉት እሳቸውና ቄስ ገብረ ሊባኖስ ናቸው። በዚያች የደሃና ደብር አዲስ ሟች ከአሮጌዎቹ ግርጌ አይሸጎጥም፤ ነውር ነው። ጸሐፊው የነበረውን ገልብጦ ቤቱ ይወስዳል፣ አዲሱን ስም ጨምሮ በንጹሕ ሉክ ይጽፋል፣ አምጥቶ ሲያኖር አሮጌውን ያቃጥላል።

«ማን ፋቀው፣ አባ?» አሉ መሪጌታ ቄሱን አስጠርተው።

«ትናንት የጠጡትን ጠላ ይጠይቁት!» ሳቁ ቄስ ገብረ ሊባኖስ። «በእኔ በኩል አንዲት ነፍስ አልጎደለችም።»

«እስቲ ያደረግነውን በተራ እንናገር። ልጁ በሞተ ሳምንት እኔ ኀሙስ ጠዋት ገለበጥሁ፤ ዓርብ አዲሱን አኖርሁ።»

«እኔም ሌላ ሟች ነበረኝ። ኀሙስ ከሰዓት ገለበጥሁ፤ ቅዳሜ አኖርሁ።»

«ሲገለብጡ የልጁ ስም ነበረበት?»

«ገና እርስዎ ቤት ነበራ! ቅዳሜም...» የቄሱ ሳቅ ጠፋ። «ቅዳሜ ያገኘሁትን ሉክ ሳላነበው አቃጠልሁት። የእርስዎን ነው ያቃጠልሁት።»

ለየብቻ ሲጽፉ ምንም ስሕተት የለም። ሁለቱም ከአንዱ አሮጌ ሉክ የገለበጡ ዕለት ግን ኋላ የመጣው የፊተኛውን ይውጠዋል።

«ከእንግዲህ» አሉ መሪጌታ፣ «የሚገለብጥ ሰው የመጽሐፉን የቆዳ ማኅደር ይዞ ይሂድ። ማኅደሩ ከቦታው ከሌለ ሌላው ሉኩን አይንካ፤ እስኪመለስ ይጠብቅ።»

«ሟቼ ቢቸኩልብኝስ?»

«እሱ ምን ያስቸኩለዋል?»

ቄስ ገብረ ሊባኖስ አልሳቁም። «እንዲህ ስንጽፍ ስንት ዓመታችን ነው?»

«ከአርባ አራት ዓመተ ምሕረት ጀምሮ። ዐሥራ አራት ዓመት።»

የተቃጠለው ሁሉ ዐመድ ነው፤ ማን እንደጠፋ የሚነግር የለም።

ማክሰኞ የወልደ ኢየሱስ ስም ተጠራ። ሉኩ አለቀ፤ መሪጌታ ግን መጽሐፉን መዝጋት አቃታቸው። ከበሩ ውጭ ብዙ ሰው ትንፋሹን ይዞ ተራውን የሚጠብቅ መሰላቸው። ወጥተው አዩ፤ ማንም የለም።

ረቡዕ ጠዋት ለስንቅ ዳቤያቸውን ቋጥረው፣ በየቤቱ የሞተውን ሁሉ ስም እየጠየቁ ሊጽፉ ወደ መንደሮቹ ወረዱ።