ስሙ የማይነገር ቅጠል

እኔ ሀዲጃ ምላሴ ስለታም ነው፤ ከሚሴ ገበያ የሚያውቀኝ ያውቀኛል። የዚያን ቀን ግን ደሴ፣ ሐኪም ፊት ተቀምጬ አፌ ተለጎመ።

ታናሽ እህቴ ዘሊካ የጡት ካንሰር አለባት። ለአራተኛው ኬሞ ስንቀርብ ዶክተር ወንዴ የልቧን ምርመራ ወረቀት ደጋግሞ አየና፣ «ቀዩ የኬሞ መድኃኒት ልብ ያደክማል፤ ለዚህ ነው የምንለካው። ያንቺ የልብ ጉልበት ከባለፈው ቀንሷል። ከኛ ሌላ የምትወስጂው ነገር አለ?» አላት።

ዘሊካ ወደኔ ዞረች። ያ ረቢ! ልብ ያደክማል ካሉን ጀምሮ እንቅልፍ አጥቼ፣ ጨፋ ሮቢት ካሉት የባህል መድኃኒት አዋቂ ከሸህ ሙሀመድኑር የተወቀጠ ቅጠል አምጥቼ በማር የማስልሳት እኔ ነኝ። ሲሰጡኝም «ለሰው ከተነገረ ይረክሳል» ብለው አስምለውኛል። ብናገር ልቧን የሚጠብቃት ሊረክስ ነው። ዝም ብልስ?

«ምንም የለም» አልኩ። ወላሂ ለማለት ግን አልደፈርኩም።

«እናቴ» አለኝ ዶክተሩ፣ «ልብ ይጠብቁ ይሆናል ተብለው የሚጠኑ ተክሎች አሉ። የኬሞውን ጉልበት የሚቀንሱ፣ ልብ የሚጎዱም ይኖራሉ። ሳላውቅ ዛሬ መድኃኒቱን አልሰቅልላትም።»

ዘሊካ እጄን ያዘች። መሐላዬን እዚያው ጥዬ ነገርኩት።

«ምን ቅጠል ነው?»

«እኔ ምን አውቄ! ተወቅጦ ነው የሚሰጠው፤ ስሙ አይጠየቅም።»

«በይ ደውይላቸው።»

ደወልኩና ሁሉንም ነገርኳቸው።

«ማል ጄቴ?» አሉ ሸሁ በኦሮምኛ። «ምን አልሽኝ? ካንሰር? የሐኪም መድኃኒት? አንቺ ‹ልቧን ይደክማታል› ብቻ አይደል ያልሽኝ! ከሌላ መድኃኒት ጋር መች ስጫት አልኩሽ?»

እውነታቸውን ነው። የጡት በሽታ ለሸህ እንዴት ይነገራል ብዬ፣ አፍሬ ደብቄያቸው ነበር።

«ሐኪሙን አቅርቢልኝ» አሉኝ። ለገዛ ልጃቸው እንኳ ያልነገሩትን ቅጠል በስሙ ጠርተው ለዶክተሩ አስጻፉት።

«ይቁም» አለ ዶክተሩ። «ልቧ የደከመው በዚህ ይሁን በቀዩ መድኃኒት አሁን መለየት አልችልም። ከሳምንት በኋላ እንለካለን፤ ኬሞውም እስከዚያ ይቆያል።»

«እስከዚያ ካንሰሩስ ይጠብቀኛል?» አለች ዘሊካ። ዶክተሩ የቀጠሮውን ቀን ጽፎ ሰጣት።

ውጭ ስንወጣ እጄን ለቀቀች። «ሸሁን ዋሸሽ፣ ሐኪሙን ዋሸሽ። ሁለቱን መድኃኒት የተሸከምኩት ግን እኔ ነኝ።»

«አፉ በይኝ፣ ይቅር በይኝ እህቴ» አልኳት እያለቀስኩ።

«ልቤ ሲለካ ጠይቂኝ» አለችኝ።