በደሃ ደንብ

ጋምቤላ ክልል ከሆነች ወዲህ ፍርድ ቤትም ዳኛም አግኝታለች፤ አቻን የምትኖርበት ቀበሌ ግን ገና ማህተም አልደረሰውም። ታዲያ «ደሃ ነች» የሚል ወረቀት ማን ይስጣት? ባሏ ኦባንግ ገበያ መሃል ጆንያ ሲያራግፍ የጭነት መኪና ወደ ኋላ መጥቶ እግሩን ከሰበረው አምስት ወሩ ነው። ባለመኪናው «እግዜር ይማርህ» ብሎ መንገዱን ቀጠለ። ካሳ ለማግኘት መክሰስ አለ፤ ለመክሰስ ደግሞ የዳኝነት ክፍያ አለ፤ እሱ ከየት ይምጣ!

ዳኛ በሪሁን ከደጋ የመጡ፣ ሙቀቱ ያማረራቸው፣ ልበ ቀና ሰው ናቸው። «ማህተም እስኪመጣ ሰው በረሃብ ይለቅ?» አሉና መላ ፈጠሩ። ወረቀቱ ይቅር፤ ችግሯን የሚያውቁ ሁለት ጎረቤቶች ከመሰከሩላት በባሏ ስም በደሃ ደንብ፣ ያለ ክፍያ ትከሳለች።

አቻን ዓሣ አጥማጁን ኦኬሎንና ሚስቱን አባንግን ይዛ መጣች። «ምንም የላትም በሉ፤ ሌላ ቃል እንዳትጨምሩ» እያለች መንገዱን ሙሉ ስታስጠነቅቃቸው ነበር። ማስጠንቀቁ ቀላል ነው፤ ሲመሰክሩ መስማቱ ነው ጣጣው።

ኦኬሎ መጽሐፍ ቅዱስ ይዞ ማለ። «አቻን ምንም የላትም። ዶሮ የላትም። በቆሎ የላትም። ድስቷም ባዶ ነው።»

ጉዳዩን ሊሰሙ ችሎቱን የሞሉት አብረዋት ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱ ሰዎች ዘወር ብለው አዩዋት። የአቻን ጆሮ ጋለ። ድስቷን ምን አገባው!

ብድግ አለች። «ውሸት! ቅዳሜ ቅዳሜ ማን ቤት ነው የምትበላው? ዓሣ ጠብሼ፣ ገንፎ አገንፍቼ የማበላህ እኔ አይደለሁም? ‹ሚስቴ ኢታንግ ከተማ እህቷ ጋ ሄዳለች፣ አብስይልኝ› እያልክ!»

ዳኛው ብዕራቸውን አስቀመጡ። «ወይዘሮ፣ በየሳምንቱ እንግዳ የሚያበላ ሰው በደሃ ደንብ ይከሳል?»

ያኔ ያደረገችው ገባት። ምላስ አጥንት የለውም፣ አጥንት ግን ይሰብራል ይባላል፤ የባሏን እግር ዳግመኛ የሰበረችው መሰላት። መቆምም መቀመጥም አቃታት።

ዳኛው ወደ አባንግ ዞሩ። «እህትሽ ኢታንግ ነው የምትኖረው?»

አባንግ መጽሐፍ ቅዱሱን አየች፤ ባሏን አየች። «ዳኛ፣ እኔ ኢታንግ እህት የለኝም።»

«ታዲያ ቅዳሜ የት ትሄጃለሽ?»

«ባሮ ወንዝ ዳር። እዚያ እቀመጣለሁ። እሱ በልቶ ሲመጣ እመለሳለሁ። ዓሣው የኛ ነው፤ ዱቄቱም የኛ። ብንሰጣት አትቀበልም። ‹አብስይልኝ› ካላት ግን ታበስላለች። እሱ ትንሽ ይበላል፣ ሌላው ለኦባንግና ለልጆቹ ይቀራል።» ትንሽ አሰበችና ጨመረች፤ «ትንሽ እበላለሁ ብሎኛል። እኔ አላየሁም።»

ችሎቱ በሳቅ አውካካ። አቻን ግን አልሳቀችም። አምስት ወር ሙሉ እንግዳ ተቀባይ ነኝ ብላ ኮርታ ነበር፤ አሁን እጅግ አፈረች። ከዚያ አባንግ ብቻዋን ፀሐይ ላይ የተቀመጠችባቸውን ቅዳሜዎች አሰበችና እንባዋ መጣ።

ዳኛው ጽፈው ጨረሱ። «ክሱ ያለ ክፍያ በደሃ ደንብ ይከፈት።»

ከግቢው ሲወጡ ኦኬሎ ፈራ ተባ እያለ ከኋላ ቀረ። «እህቴ፣ ቅዳሜ... ልምጣ?»

«ና» አለችው አቻን ሳትዞር። «ዓሣውን ግን ‹ላንቺ ነው› ብለህ ስጠኝ። አባንግንም ይዘሃት ና።»