የዋኘው የጌም ሣጥን

ዋኘው በደብረ ማርቆስ አርባ ዓመት ሙሉ አትሮንስና የቤተ ክርስቲያን በር ሲሠራ ኖሯል። ዘንድሮ ግን ልጁ እስከዳር ከአምበር መጥታ፣ «አባባ፣ ዓይንዎ ደክሟል፤ ስኒ ሲይዙም እጅዎ ይንቀጠቀጣል። የሥራ ቤቱን ለሞባይል ጠጋኙ ለደምለው እናከራየው» አለችው።

«አንድ ሥራ ይዣለሁ። እሱን ካበላሸሁ በሩን ራስሽ ዝጊው» አላት።

ሥራውን ያዘዘችው ከግቢው አንድ ክፍል የተከራየችው የኮምፒውተር አስተማሪ ወንጌላዊት ናት። ከአሮጌ ላፕቶፕ ስክሪን ነቅላ፣ መዳፍ ከማትሞላ ኮምፒውተር ጋር አገናኝታ፣ በልጅነቷ ሐዋሳ የተጫወተቻቸውን ጌሞች ጭናበታለች። የቀራት ማደሪያው ነው፤ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ፣ ፊቱ ዘመም ያለ ሣጥን።

«አትሮንስ በይኛ!» አለ ዋኘው። «ያንቺ መጽሐፍ ይጮኻል እንጂ።»

የደረቀ ዋንዛ መርጦ ጎኖቹን ያለ ምስማር አጋጠማቸው። የፊቱን ጣውላ በቦይ ውስጥ እንዲንሸራተት አደረገው። ወንጌላዊት በወረቀት የመጫወቻውን እጀታ ቀዳዳ በግራ፣ በጣት የሚጫኑትን የስድስቱን ቁልፎች በቀኝ ስላ ሰጠችው። ዋኘው ወረቀቱን በጣውላው ጀርባ ዘርግቶ መስመሮቹን በጩቤ ጫፍ ጫረ። መጽሐፍ በሚያርፍበት ፊት ላይ ምልክት ማድረግ ነውር ነው ብሎ ነው መምህሩ ያሳደገው። ከዚያው ከጀርባው በኩል በሳው።

ቅዳሜ እስከዳር መጣች። ወንጌላዊት ዕቃዎቹን ገጣጥማ ከፊቱ ተቀመጠችና ግራ እጇን ሰደደች። እጀታው የለም።

«ጋሼ ዋኘው... ግራና ቀኙ ተገልብጧል።»

«እንግዲህ» አለች እስከዳር። ዓይኗን ወደ በሩ ጣለች።

ዋኘው አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። ከጀርባ የተጫረ ከፊት ሲታይ ይገለበጣል፤ የገዛ ልማዱ እንዳሳተው ወዲያው ገባው።

«ጣውላውን ብናዞረውስ?» አለች ወንጌላዊት።

«ጀርባው ነው እኮ! ጭረት በጭረት ነው። ለሰው ዓይን የሠራሁት አይደለም።»

«የማየው እኔ ብቻ ነኝ።»

«አንቺስ ሰው አይደለሽም?»

ጭረቱ ጠልቋል፤ በመላጊያ አይጠፋም። ሌላ መላ ሲያጣ ዕቃዎቹን አስነቅሎ ጣውላውን ስቦ አዞረና መልሶ አስገባው። እስከዳር ጎንበስ ብላ አየችው። የፀጉር ያህል የቀጠኑት መስመሮች በየቀዳዳው ልክ መካከል ይተላለፋሉ፤ አንዱም ከልኩ አልዘለለም። የቀዳዳዎቹም ዙሪያ ከተጫረው ክብ ነቅነቅ አላለም። በጥፍሯ ተከተለችው።

«መቼ ነው የጫሩት?»

«ማክሰኞ።»

«በመነጽር?»

«መነጽሩ ያዞረኛል።»

«ስኒ ሲይዙ ግን...»

«ስኒ ሥራ ነው?» አለ ዋኘው ተቆጥቶ።

«በሩንም፣ አትሮንሱንም፣ ማንም የማያየውን ጎን እንዲህ ነው የሚሠሩት?»

«ታዲያ እንዴት ልሠራው ኖሯል?»

ወንጌላዊት ዕቃዎቹን መልሳ ገጠመችና አበራችው። ዋኘው እንዲሞክር ስትለምነው እምቢ እምቢ ብሎ ተቀመጠ። ስክሪኑ ላይ የሚነዳት መርከብ በዓይን ጥቅሻ ጋየች።

«ሞቱ፣ ጋሼ!»

«ቆዪ፣ ገና መች ያዝኩትና!»

እስከዳር ስልኳን ይዛ ወደ ደጅ ወጣች። «ደምለው፣ ሌላ ቤት ፈልግ» አለች። «ኧረ አልተጣላንም። አባቴ ሥራ ላይ ነው።» ከውስጥ ፍንዳታና የዋኘው እርግማን ተከታትሎ መጣ። የደምለውን መልስ ለመስማት ሌላውን ጆሮዋን በጣቷ መድፈን ነበረባት።